ወረቀቱ የቆመበት ቦታ

እታለም መሳፍንት የተሰነጠቀ እንጨት ሲመጣላት መጀመሪያ የምትጠይቀው ለምን እንደተሰነጠቀ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 ሰፈር ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቋ ወንበር፣ የመስኮት ክፈፍ፣ የሕፃን አልጋ ትጠግናለች፤ ከሁሉም ይልቅ ስሟ የሚነሳው ግን ኡድ በሚባለው ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በየሠርጉ የሚጫወቱ ሰዎች አንገቱ የዞረ ወይም ሆዱ የተላቀቀ ኡድ ሲኖራቸው ወደ እሷ ይመጣሉ። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። በባቡሩ ዘመን የፉርጎ ወንበርና መስኮት ይሠሩ የነበሩ አናጢ ነበሩ፤ ከአምስት ልጆቻቸው መካከል መሮ ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብላ መቀመጥ የምትችለው እሷ ብቻ ስለነበረች እሷን መረጡ። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ጠመንጃ ግን እስከዚያ ጥር ወር ድረስ በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው፣ አንዲት ነጭ መኪና ሱቋ ደጃፍ ቆመችና አንድ ረዥም ሽማግሌ ጥቁር ሳጥን ይዘው ወረዱ። መኪናዋን የምትነዳው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ከመሪው አልተነሳችም። ሽማግሌው አብዱልፈታሕ እንደሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር እንደሆኑ፣ አርሂባ ሰፈር እንደሚኖሩ ተናገሩ። አማርኛቸው የድሬዳዋ ነው፤ እዚያ ተወልደው እዚያ አድገዋል። ሳጥኑን ከመክፈታቸው በፊት የጠመንጃውን ፈቃድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት፤ መቀርቀሪያውን ነቅለው ቤት እንደተውትም ነገሯት።

«ያለ መቀርቀሪያው ይሄ ዱላ ነው፣ አቦ። አትፍሪው» አሉ።

ጠመንጃው የአደን ጠመንጃ ነው። እንጨቱ ጠቆር ያለ ዋልኖት፣ ቱቦው ቀጭንና ረዥም ሆኖ፣ ከላዩ አጉሊ መነፅር ተገጥሞለታል። አብዱልፈታሕ በጎልማሳነታቸው ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ ገዝተውት፣ እሳቸው እጅ ከገባ ወዲህ አንድም እንስሳ አልተተኮሰበትም። ጅቡቲ ውስጥ አደን ከተከለከለ ብዙ ዘመኑ ነው። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ባለው የተኩስ ክበብ ወረቀት ሲመታ ነው የኖረው። ክበቡ በየዓመቱ የካቲት መጨረሻ ላይ የእንጨት ሰደፍ ላላቸው አሮጌ ጠመንጃዎች ብቻ ውድድር ያደርጋል፤ አብዱልፈታሕ ሰባት ጊዜ አሸንፈዋል። ያለፉት ሦስት ዓመታት ግን ከአሸናፊዎቹ አጠገብ እንኳን አልደረሱም። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጠረጠሩ። እውነትም ሞራ ነበረበትና ባለፈው ዓመት ተገፈፈላቸው፤ ዓይናቸው ተመለሰ፣ ምታቸው ግን አልተመለሰም።

አሁን የመጡት ስለ ምታቸው ሊያማክሯት አልነበረም። የብረቱ ጭራ በሚያልቅበት፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ላይ፣ እንጨቱ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ሙጫ እንድታደርግበት ፈለጉ፤ ሌላ ምንም አይፈልጉም።

«ለምን ተሰነጠቀ?» አለች እታለም።

«አረጀ። እኔም አርጅቻለሁ።»

መልሱ አላጠገባትም። ብረቱና እንጨቱ እንዲለያዩላት ጠየቀቻቸው። ከሆዱ በኩል ያሉትን ሁለት ብሎኖች በራሳቸው ካቻቢቴ ፈትተው ብረቱን አነሱት። እታለም ባዶውን እንጨት ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከብረቱ ሥር እንደ ጥርስ ወደ ታች የወጣ ወፍራም ጉጥ አለ፤ ያ ጉጥ እንጨቱ ውስጥ የተቆረጠለት ጉድጓድ አለው። ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲራገጥ ግፊቱን መቀበል ያለበት የዚያ ጉድጓድ የኋላ ግድግዳ እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገባት። ግድግዳው ግን በአንድ ጥጉ ብቻ ተጨፍልቆና አብረቅርቆ፣ ቀሪው ገና ከመሮ እንደወጣ ነበር። ብረቱ ያንን ሁሉ ዓመት እንጨቱን የገፋው በአንድ ጥግና በጭራው ነው። ጭራው ደግሞ እንደ ሽብልቅ እየገባ ሰነጠቀው።

ይህንን አስረዳቻቸው። ሙጫውን ብታደርግም ሌላ ጊዜ እንደሚሰነጠቅ ነገረቻቸው። አብዱልፈታሕ በትዕግሥት አዳመጧትና ስንጥቁን ብቻ እንድትጠግን ደግመው አዘዙ። ወዲያው የዙሁር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ብረቱን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፈው ልጃቸውን ከመኪናው ጠሩና ሳጥኑን አስረክበዋት ወደ መስጊድ ሄዱ።

ልጅቷ ሱሪያ ትባላለች። ዋራበሌ ሰፈር ትኖራለች፤ ወደብ አካባቢ በዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ትሠራለች። አባቷ ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ መኪና መንዳት ስለተዉ በየሄዱበት የምታደርሳቸው እሷ ናት። ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ግን እንደ ሰው ዕቃ እንጂ እንደ ቤቷ ዕቃ አልያዘችውም። እታለም ይህንን አየችና በዚህ ጠመንጃ ተኩሳ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ሱሪያ ሁሉንም ነገረቻት። ከአባቷ ጋር አራት ዓመት ተኩሳለች። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የክበብ ቀን፣ ብዙ ሰው ባለበት፣ አምስት ጥይት ተኮሰች። ሁለቱ መሐል ገቡ። ሦስተኛው ከፍ አለ፤ አራተኛው ይበልጥ ከፍ ብሎ ወደ ግራ ሄደ፤ አምስተኛው ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው የተገኘው። ጠመንጃውን ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ አቀዝቅዛ እንደገና ስትተኩስ አሁንም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መሐል ገቡ፣ ቀሪዎቹ ወጡ። ሲሞቅ ጠባዩን የሚለውጥ ጠመንጃ እንደሆነ ለአባቷ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ጠመንጃው እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ትክክል እንደነበር፣ ችግሩ የእሷ ትከሻ መድከም እንደሆነ፣ ደግሞም ያኔ ሰሞን በመኪና በር አጋጭታው ስለነበር ካበላሸችውም ያበላሸችው እሷ እንደሆነች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሯት። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ድረስ ታደርሳቸዋለች እንጂ ከመኪናው አትወርድም።

«አጋጭቼው ነበር፣ እውነት ነው» አለች። «ግን ከመጋጨቱ በፊትም እንዲሁ ነበር።»

እታለም የሰማችውን በልቧ ያዘች። ኡድ ላይ የምታውቀው ነገር አለ፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር አንድ ቦታ ላይ ከተነካ ድምፁ ይለወጣል፤ የሚነካው እንጨት ደግሞ በእርጥበት የሚያብጥ በደረቅ ነፋስ ተኮማትሮ የሚሸሽ ከሆነ፣ ድምፁ በየወሩ ይለዋወጣል። ይህ ቱቦም ጥይት ሲወጣበት ሳይንቀጠቀጥ አይቀርም፤ ሲሞቅ ደግሞ ያድጋል። እንጨቱ በአንድ ጎን ከደገፈው መሄጃው ወደ ሌላው ጎን ነው።

አብዱልፈታሕ ሲመለሱ ብረቱንና እንጨቱን እንዲገጥሙላት ለመነቻቸው። አንድ የቀጭን ወረቀት ቁራጭ ከቱቦው ሥር አሳልፋ፣ ሁለቱን ጫፎች ከላይ ይዛ፣ በቱቦውና በእንጨቱ መካከል ከጫፍ ወደ ሥር መጎተት ጀመረች። ወረቀቱ ከጫፉ አራት ጣት እንኳን ሳይሄድ በስተቀኝ በኩል ቆመ። ብትጎትተው ተቀደደ።

«በቀኝ ይነካዋል፣ ከሥርም ይነካዋል» አለች። «ስለዚህ ሲሞቅ ወደ ግራና ወደ ላይ ይሸሻል።»

አብዱልፈታሕ ሌላ ወረቀት ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። እዚያው ቦታ ላይ ቆመባቸው። ደግመው ሞከሩ። ሱሪያ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ እሷ አልዞሩም። በመጨረሻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ፋቂው» አሉ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ፋቀችው። ብረቱ ከዓይናቸው እንዲርቅ ስላልፈለጉ አብዱልፈታሕም አብረዋት ዋሉ። ቱቦውን ጥላሸትና ዘይት በተቀላቀለበት ጨርቅ ትቀባዋለች፤ እንጨቱ ላይ ታስቀምጠውና ታነሳዋለች፤ እንጨቱ ላይ ጥቁር ያረፈበትን ቦታ በጎባጣ መሮ በስሱ ትላጫለች፤ እንደገና ትቀባለች። ሽማግሌው ሥራ ሲሠራ ማየት ይወዳሉ። ስለ ድሬዳዋ አወሩላት፣ ስለ ሟች ሚስታቸው አወሩላት፤ ስለ ሱሪያ ግን አላነሱም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ወረቀቱ ከጫፍ እስከ ሥር ያለ ምንም እንቅፋት ተንሸራተተ። የተላጨውን ቦታ እርጥበት እንዳይገባበት በቫርኒሽ ዘጋችው፤ ስንጥቁንም ሙጫ ሞልታ አሰረችው። ሥራው አምሮባት ስለነበር፣ ከእንግዲህ ጥይቶቹ አንድ ቦታ እንደሚሰበሰቡ አስረግጣ ነገረቻቸው።

አርብ ጠዋት ወስደው ሊያሳዩዋት ፈለጉ። ሱሪያ ነዳች። ሜዳው ላይ ስምንት ዘጠኝ ሰው ነበር፤ የተኩሱን ሥርዓት የሚያስከብረው ኒዛር የሚባል ጎልማሳ ለእታለም የጆሮ መሸፈኛ ሰጥቶ ከኋላ አቆማት። አብዱልፈታሕ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ላይ ጠመንጃውን አስደግፈው፣ መቶ ሜትር ላይ ወዳለው ወረቀት አምስት ጥይት በዝግታ ተኮሱ። ኒዛር ወረቀቱን ሲያመጣው ሰው ተሰበሰበ። ያሸንፉ በነበረበት ዘመን አምስቱ ቀዳዳዎች በአንድ መዳፍ ይሸፈኑ ነበር። አሁን ሁለት መዳፍም አይበቃቸውም። ደግሞ ከመፋቁ በፊት እንደነበረው ሥርዓት ይዘው ወደ ላይ መውጣታቸውም ቀርቶ፣ ወዲያና ወዲህ የተበተኑ ናቸው።

አንድ ሰው ሳቀ። ኒዛር ግን አልሳቀም፤ ቱቦው ቀጭን እንደሆነ፣ እንዲህ ያሉት አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ድጋፍ እንደሚወዱ፣ አሁን ያ ድጋፍ ከዚህኛው እንደተወሰደበት ነገራቸው። አብዱልፈታሕ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ከተማ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሦስቱም አልተነጋገሩም።

እታለም መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ስለ ራሷ ነበር። ጉዳቱን ሁለት ቦታ አይታ አንዱን ብቻ ነው የነካችው። ብረቱ አንድ ጥግ ላይ ቆሞ የሚንገዳገድ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ የነበረው የእንጨት ግፊት፣ መጥፎም ቢሆን፣ ይዞት ነበር። እሷ እሱን ወስዳ በምትኩ ምንም አልሰጠችውም። እግሩ አጭር የሆነ ወንበር ሥር የገባውን ጠጠር ማውጣት ማለት ነው። አባቷ ቢኖሩ ይህንን ገና ከመጀመሪያው ሐሙስ ያዩት ነበር።

ሱቋ ደጃፍ ሲደርሱ ከመኪናው ሳትወርድ ተናገረች።

«ጋሽ አብዱልፈታሕ፣ ስህተቱ የኔ ነው። እርስዎ ስንጥቁን ብቻ ስላሉኝ አይደለም፤ ደግሜ ብነግርዎት ይሰሙኝ ነበር። ወረቀቱ ሲያልፍልኝ ደስ ብሎኝ ቸኮልኩ። ሰው ፊት አሳፈርኩዎት።»

አብዱልፈታሕ ዞር ብለው አይዋት። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው የለመዱ ሰው አይመስሉም ነበር። ሱሪያ መሪውን እንደያዘች ወደ ፊት ትመለከት ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌው መቼ ይዘው እንደሚመጡ ብቻ ጠየቁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እታለም ጠመንጃውን እንደገና ሞርሳ ላይ አሰረችው። የግራ እጇን ጣት ቱቦውና እንጨቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ የፊተኛውን ብሎን በቀኝ እጇ ማላላትና ማጥበቅ ጀመረች። ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር ብረቱ ሲጎብጥ፣ በላላ ቁጥር ሲነሳ በጣቷ ጫፍ ተሰማት። የፀጉር ያህል ነው፤ ግን አለ። አብዱልፈታሕም ጣታቸውን አስቀምጠው እንዲሰማቸው አደረገች። ያንን ያህል ዓመት ሲያጠብቁት የኖሩት ብሎን ብረቱን ሲያጣምም እንደኖረ ያኔ ገባቸው።

መድኃኒቱ እንጨቱን ከብረቱ ጋር ልክ እንደ ማኅተምና ሰም ማገናኘት ነው። በመሮ ብቻ እዚያ ልክ አይደረስም። ስለዚህ ባሕሩ ዳር የፋይበር ጀልባ ወደሚጠግነው ወደ መልአኩ ሄደች። መልአኩ ከሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሙጫ ሰጣት፤ ሁለት ነገርም አስጠነቀቃት። በዚህ አገር ሙቀት ቶሎ ስለሚይዝ በማለዳ ትሥራው፤ ደግሞ እንዲጣበቅ የማትፈልገውን ነገር ሁሉ ግራሶ ትቀባው፣ ካልቀባችው ለዘለዓለም አይላቀቅም።

በመጀመሪያ የውኃ ቧንቧ ቁራጭና የተጣለ እንጨት ላይ ሞከረች። ተሳካላት። ሰኞ ማለዳ ደግሞ በጠመንጃው ላይ ሠራችው። የጉጡን ጉድጓድና ብረቱ የሚያርፍበትን ወለል በትንሹ ጠርባ አስፋች፤ ብረቱን ግራሶ ቀባች፤ የጉጡን ፊትና ጎኖች በፕላስተር ሸፈነች፣ ግፊቱን በጀርባው ብቻ እንዲሰጥ። የቱቦው ሥር ሁለት ጣት ያህል ሙጫው ላይ እንዲያርፍ ተወችና ከዚያ ወዲያ ያለውን ርዝመት በሙሉ ነፃ አደረገችው። ሙጫውን ሞላች፤ ብረቱን አስገባች፤ ብሎኖቹን እንዳይጎብጥ በጣት ጉልበት ብቻ ያዘቻቸው። በየጠርዙ የወጣውን ትርፍ ጠረገች። እስከ ማግስቱ ማንም እንዳይነካው ተስማሙ። አብዱልፈታሕ የሱቁን ቁልፍ ራሳቸው ሊይዙ ጠየቋትና ሰጠቻቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱሪያ ከሥራ ወጥታ አባቷን ይዛ መጣች። እታለም ብሎኖቹን አውጥታ ብረቱን ወደ ላይ ሳበችው። አልመጣም። በእንጨት መዶሻ ከሥር መታ መታ አደረገችው፤ አልመጣም። አብዱልፈታሕ ሁለቱን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ጥርሳቸውን ነክሰው ቆሙ። እታለም የቀባችውን ቦታ ሁሉ በአእምሮዋ እየዞረች ያልቀባችው ቦታ ይኖር እንደሆነ ታስብ ነበር።

«ሲሞቅ ያድግ የለ?» አለች ሱሪያ ከበሩ።

ሁለቱም ዞር አሉ።

«ሲሞቅ የሚያድግ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል።»

መልስ ሳትጠብቅ ወጥታ ሄደች። ከመንገዱ ማዶ ካለው በረዶ ሻጭ በጆንያ የተጠቀለለ የበረዶ ብሎክ ይዛ ተመለሰች፤ መዶሻውን ከእታለም ተቀብላ ሰባበረችው፤ ስብርባሪውን በፌስታል ሞልታ እንጨቱ ሳይረጥብ ብረቱን ከላይ ሸፈነችው። ሩብ ሰዓት ያህል በእጇ ይዛው ቆመች፤ ጣቶቿ ቀልተው ነበር። አባቷ ፎጣ አመጡላትና ፌስታሉን ተቀበሏት። ከዚያ እታለም አንድ ጊዜ ብቻ ከሥር መታችው። ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ተሰማና ብረቱ ተላቀቀ።

ሙጫው የብረቱን ቅርፅ እስከ ፋብሪካው ቁጥር ድረስ ወስዶ ነበር። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለዝባ ብረቱን መልሳ ስታስቀምጠው፣ ጣቷ ጠርዙ ላይ እያለ ብሎኑን ብታጠብቅ ብታላላም ምንም አልተንቀሳቀሰም። ወረቀቱም እንደታሰበው ከጫፉ ተነስቶ ሥሩ ሊደርስ ሁለት ጣት እስኪቀረው ድረስ ሄደ። በዚህ ጊዜ ግን ምን እንደሚሆን አስቀድማ አልተናገረችም። አርብ እንደሚታይ ብቻ ነገረቻቸው።

አርብ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ባለፈው የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ነበሩ፤ የሳቀውም ሰውዬ ነበር። ሱሪያ እንደ ወትሮው መኪናውን አቆመች፤ ግን በዚያ ቀን ከመኪናው ወርዳ በሩን ተደግፋ ቆመች። አብዱልፈታሕ አምስት ተኮሱ። ጠመንጃውን ሳያሳርፉ፣ ቱቦው እንደጋለ፣ በሁለተኛ ወረቀት ላይ ሌላ አምስት ጨመሩ። ኒዛር ሁለቱን ወረቀቶች ይዞ ሲመጣ ከሩቅ ፈገግ ብሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀዳዳዎች በሻይ ብርጭቆ አፍ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛዎቹም እዚያው ቁመት ላይ፣ እዚያው መሐል፣ በትንሹ ብቻ ሰፍተው ይታያሉ። ወደ ላይ የወጣ የለም። ወደ ግራ የሄደ የለም።

ሰዎቹ ጠመንጃውን ሊያዩ ተጠጉ፤ አንዱ እታለምን ሙጫው ምን እንደሆነ ጠየቃት። አብዱልፈታሕ ግን ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው ቆመው ነበር። ከዚያ መጀመሪያ በሶማሊኛ ለሁሉም፣ ቀጥሎ በአማርኛ ልጃቸው ወዳለችበት ዞረው ተናገሩ።

«ከሦስት ዓመት በፊት ይህች ልጅ እዚሁ ቦታ ላይ ጠመንጃው ሲሞቅ ይሸሻል ብላኝ ነበር። ሰው ፊት አዋረድኳት። ስህተቱ የኔ ነበር፤ እሷ አላበላሸችውም። ያኔ ሰው ሰምቷል፣ ዛሬም ሰው ይስማ።»

ኒዛር አንገቱን ደፋ አደረገ። አብዱልፈታሕ አምስት ጥይት ከሳጥኑ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና ሱሪያን መጥታ እንድትተኩስ በእጃቸው ጠሯት።

ሱሪያ ከመኪናው ጥቂት እርምጃ ራመድ አለች። እታለም ፊቷን አየችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ድምፅዋ ግን የተረጋጋ ነበር።

«ሰምቻለሁ፣ አባ። አመሰግናለሁ። ዛሬ ግን አልተኩስም።»

«ለምን?»

«ሦስት ዓመት ጠብቄ የነበረው ይህንን ለመስማት ነው። ለመተኮስ አልነበረም። ስፈልግ እነግርሃለሁ።»

ሽማግሌው ቅር አላቸው፤ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። በዚያች አንድ ንግግር ሁሉ ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል ብለው ጠብቀው መሆን አለበት። ጥይቶቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሷቸው። ሲመለሱ ግን መኪናው ውስጥ ወሬ ነበር። ሱሪያ በረዶ ሻጩ ለምን እንደፈለገችው ሲጠይቃት ጠመንጃ ተጣብቆብን ነው ማለት ፈርታ ዓሣ ልናስቀምጥበት ነው እንዳለችው ነገረቻቸው፤ አብዱልፈታሕም ከእታለም ጋር ሳቁ።

በውድድሩ ቀን አብዱልፈታሕ ሦስተኛ ወጡ። አንደኛ የወጣው ከእሳቸው ሃያ አምስት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ሦስተኛነቱን ሊነግሯት ሱቋ ድረስ መጡ። የበደለው ጠመንጃው እንዳልሆነ፣ ሁለቱን ጥይት ያበላሹት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ሲተኩሱ ትንፋሻቸውን እንዳልያዙ በዝርዝር አስረዷት፤ ይህንን ሲሉ የተከፉ አይመስሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ከክበቡ አባላት አራቱ ጠመንጃቸውን ይዘውላት መጡ። ሁለቱን ሠራችላቸው። የሦስተኛውን እንጨት አይታ ምንም እንከን እንደሌለው ነግራ መለሰችው። አራተኛው ፈቃዱን ቤት ረስቻለሁ ሲላት ሳጥኑን እንኳን እንዲከፍት አልፈቀደችለትም፤ ሰውየውም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ሱሪያ በሰኔ መጨረሻ ደወለችላት። ኀምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ጀምሯል፤ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፤ የእታለም ኡዶች ሳይቀሩ እርጥብ ጨርቅ ሥር ናቸው። ሱሪያ የደወለችው እንጨቱ በዚህ ደረቅ ነፋስ ሲሸሽ ሙጫው ይዞት ይቆይ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። እታለም እንደሚመስላት እንጂ እርግጠኛ እንዳልሆነች ነገረቻት፤ ክረምትና በጋ ሳይፈራረቅበት ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። መሞከር ነው፣ ብላ ዘጋች።

ከአሥር ቀን በኋላ ጠዋት ስልኳ ላይ ፎቶ መጣላት። ሜዳው ላይ ፀሐይ ሳትበረታ የተነሳ የወረቀት ፎቶ ነው። አራት ቀዳዳዎች ተጠጋግተው፣ አንዱ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ከወረቀቱ ጠርዝ የአብዱልፈታሕ አውራ ጣት ወረቀቱን ይዞ ይታያል። ሱሪያ ከሥሩ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ የወረደችውን አራተኛዋን ጥይት ራሷ ስትተኩስ ምላጩን ነጥቃው እንደነበር፣ እንጨቱ ምንም እንዳላደረገ።

እታለም ግን በምላጩ ብቻ አላበቃችም፤ መልሳ የጠየቀቻት ነፋሱ ከየት በኩል ይነፍስ እንደነበረ ነው።